አድራሻ ያጣው የብረት ግቢ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰንጥቋቸው የሚያልፋቸው ከተሞች አንድ ዓይነት ግቢ አያጡም። ዙሪያው በአሮጌ ቆርቆሮ ታጥሯል። ውስጡ ሞተሩ የወጣለት አይሱዙ፣ ግንባሩ የተጨፈለቀ ሚኒባስ፣ ጎማ የሌለው ባጃጅ፣ የዛገ በርሜል፣ የተጠማዘዘ ፌሮ፣ የተቆለለ ባትሪ አለ። ባለቤቱ ሲጠየቅ የብረት ንግድ ነው ይላል፤ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ልጆቻችንን የሚያሳምም ቆሻሻ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ከሚሴ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ፣ ይህን ክርክር ለመመርመር ጥሩ ቦታ ናት፤ ከተማው፣ ጎዳናው፣ እርሻውና ረግረጉ እዚህ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጠቡን የሚወልደው ግቢው ቦታ ሳይሰጠው መቅረቱ ነው። ቦታ ሳይሰጡ ማባረርም፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍም ጉዳቱን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም።

መጀመሪያ ግቢው የሚሠራውን ሥራ እንወቅለት። ነገሩ የሚጀምረው ከቁራሌው ነው። ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የተበሳ ድስት፣ የተሰበረ የብረት አልጋ፣ የተጣለ ጣሳ ይገዛል፤ የሰበሰበውን ለግቢው በኪሎ ያስረክባል። ግቢው ብረቱን ከአሉሚኒየም፣ መዳቡን ከነሐስ ይለያል። ከዚያ መንገዱ ይከፋፈላል። ገና የሚያገለግለው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ወይም ኮፈን መኪናው ለተበላሸበት ሾፌር ይሸጣል። ለማቅለጥ እንጂ ለሌላ የማይሆነው በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት የብረት ማቅለጫዎች ይጫንና ፌሮ ሆኖ ለቤት ሠሪው ይመለሳል። ቆርቆሮና ጣሳው መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ ምድጃ ይወጣዋል። ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የባሌስትራው ጉዞ ነው። ባሌስትራ የከባድ መኪና ጭነት ሲጫነው እንዲለጠጥ፣ ሲለቀው እንዲመለስ ሆኖ የተሠራ ብርቱ ብረት ነው፤ መኪናው ሲያበቃለት እሱ ገና አላበቃለትም። ቀጥቃጩ በከሰል አግሎ፣ ቆርጦ፣ በመዶሻ አሹሎ ማረሻ ያደርገዋል፤ ከትርፍራፊው ቢላና ማጭድ ያወጣል። ግቢው ከማሳዬ ጎን ተተከለብኝ ብሎ የሚያማርረው ገበሬ የሚያርስበት ማረሻም የመኪና ባሌስትራ የነበረ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ግቢ በዚህ ዞን መብቀሉ የሚገርም አይደለም። ሁለት ትላልቅ መንገዶች ዞኑን ያቋርጣሉ፤ አንዱ በሰንበቴና በከሚሴ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቀው፣ ሌላው ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ቁልቁል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር የሚወርደው ነው። ከባድ መኪና በበዛበት መንገድ የሚሰበረውም ይበዛል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መስመር ሲያልፍ የተቃጠለ ተሽከርካሪ ጥሎ ሄዷል። ሕጉም ሳያስበው ግቢውን አግዞታል፦ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። መንግሥት ለዚህ የራሱ ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን ያለው መኪና ደጋግሞ እንዲጠገን፣ አሮጌ መለዋወጫም እንደ ወርቅ እንዲፈለግ ሆኗል። አሮጌ መኪና መጨረሻው የት ይሁን የሚል ድንጋጌ ከእነዚህ ጋር አብሮ አልመጣም።

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንምጣ። አቤቱታው «ያስጠላል፣ ከተማውን ያበላሻል» ብሎ ሲጀምር በደካማ ጎኑ ይጀምራል፤ የዛገ ብረት ለዓይን ስለማያምር ብቻ የሰው እንጀራ አይዘጋም። ጠንካራው ጎን ዓይን የማያየው ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ ተሰብሮ ሲከፈት አሲዱና እርሳሱ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። በደም ውስጥ ቢገኝ አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል፤ አስቀድሞ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ከሞተር የተፈታ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ከፈሰሰ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል፤ የሚወርደውም ወደ ቦርከና ነው። ቦርከና የደሴንና የኮምቦልቻን ፍሳሽ ተሸክሞ መጥቶ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። ጨፋ ደግሞ በጋ ሲጠና ከአፋር ጭምር የሚነዱ ከብቶች የሚግጡበት፣ የሚጠጡበት ሜዳ ነው። ብረቱን ለይቶ ለማውጣት ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ከብረቱ ጋር ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል፤ ብረት ለቅመው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ልጆች መሆናቸው ነገሩን ያከፋዋል።

ስለ ጎማው ለብቻው ልናገር፤ ሰው ቀላል አድርጎ ስለሚያየው። ሜዳ ላይ የተጣለ ጎማ ዝናብ ሲገባበት ውሃውን በሆዱ ይይዛል፤ አገላብጠው ቢያቆሙት እንኳ ጥቂቱ ከስር ይቀራል። ውስጡ ጥላ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይደርቅም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ይህች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ ከነባሮቹ የወባ ትንኞች የምትለየው ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በውሃ ማጠራቀሚያና በተጣለ ጎማ መራባት በመቻሏ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በ10 ከተሞች በተደረገ አሰሳ በሁሉም ተገኘች፤ ከ10ሩ አንዷ የዚሁ ዞን ከተማ ባቲ ናት። በ2014 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ዋና ምክንያት ሆና የተገኘችው እሷ ነበረች። በሞቃት አካባቢ እንቁላሏ በአንድ ሳምንትና በአሥር ቀን መካከል የሚበር ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ በጣሪያ ስር ያልገባ የጎማ ክምር የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ትንኟ አጥር አታውቅም።

ሕጉ ጎረቤቱን ባዶ እጁን አልተወውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስበት ይከለክላል፤ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ እንዲታይ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስፍሯል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከዚህም አልፎ፣ ማንም ሰው በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ከሚሴ ያለችበት ወሎ ደግሞ ከወረቀት በፊት አስታራቂ አበጋሮቹና የአገር ሽማግሌዎቹ ነበሩት፤ የጎረቤት ሐቅ መንካት በዚህ አገር ቀላል ነገር ተደርጎ አይታይም። እነዚህ ሁሉ ግን የሚናገሩት ጉዳት ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ በኋላ ነው። «ተው» ይላሉ እንጂ «እዚያ ሥራ» አይሉም።

«እዚያ» ማለት የሚገባው የመሬት አጠቃቀም ሕግ ነው፤ ክፍተቱም ያለው እሱ ላይ ነው። ከተሞች በ2000 በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ይመራሉ፤ የመኖሪያው፣ የንግዱና የኢንዱስትሪው ቦታ ካርታ ላይ ይለያል። ከከተማው ወሰን ውጭ ያለው ደግሞ የገጠር መሬት ነው፤ በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ሥር በወረዳና በቀበሌ የሚተዳደር፣ በይዞታ ደብተር የተመዘገበ፣ በመሠረቱ ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለደን የታሰበ መሬት። የብረት ግቢ ከሁለቱም አይስማማም። መሀል ከተማ ኪራዩ ይከብደዋል፣ ጎረቤቱም አያስቀምጠውም። ስለዚህ ዛሬ እርሻ፣ ነገ ከተማ ወደሚሆነው ዳርቻ ይወጣል። ከሚሴን ዙሪያዋን የከበባት የደዋ ጨፋ ወረዳ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ወሰን ላይ የተነሳ አቤቱታ ከከተማ አስተዳደሩ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ለመንከራተት የተመቸ ነው። አንዱ የሚያየው ፈቃዱን፣ ሌላው የሚያየው ደብተሩን ነው። ዘይቱ የሚፈስበትን መሬት የሚያይ በስም የተጠቀሰ ኃላፊ ከሌለ ሁሉም ሥራውን ሠርቶ ጉዳቱ እንዳለ ይቀጥላል።

«ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይነሳም?» የሚል አለ፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ማዘዝ ይቻላል ይላል። ማዘዝስ ይቻላል። የተነሳው ግቢ ግን አይጠፋም፤ መሰባበሩና መጠገኑ እስካለ ድረስ ብረቱ ሌላ ቦታ ይከማቻል፣ ርካሹ ሌላ ቦታ ደግሞ ሰው የማይቆጣጠረው የወንዝ ዳርና ረግረግ ነው። ከሰፈር አባርሮ ወደ ጨፋ መስደድ ለከተሜው እረፍት፣ ለአርብቶ አደሩ መርዝ ነው። አሜሪካ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የአውራ ጎዳና ማስዋብ ሕግ ከዋና ዋና ጎዳናዎች በ1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉ የአሮጌ መኪና ግቢዎች እንዲከለሉ ወይም እንዲነሱ አድርጋለች፤ በኢንዱስትሪ ቀጠና ያሉትን ግን አልነካችም። ርቀቱ በቁጥር መጻፉና ግቢው የሚፈቀድበት ቀጠና መኖሩ ጥሩ ትምህርት ነው። ዓላማው የመንገደኛውን ዓይን ማሳረፍ መሆኑ ግን ለእኛ አይበቃንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ለከሚሴ የበለጠ ይጠቅማል፤ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ዘይቱና ሌላው ፈሳሽ እንዲቀዳ፣ ባትሪው እንዲወጣ ያስገድዳል።

በሌላ ወገን የሚነሳው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥራ አጥ ወጣት በራሱ ጥረት የፈጠረውን እንጀራ በደንብ ብዛት ታንቁታላችሁ፣ እያንዳንዱ ደንብም ለተቆጣጣሪ የእጅ መንሻ መጠየቂያ ይሆናል ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። የሚያስፈራው ግን «ንጽሕናውን ይጠብቅ» የሚለው ድፍን ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ሹሙ እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ባትሪ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣሪያ ስር ይቀመጥ፣ ዘይት በርሜል ውስጥ ይቀዳ፣ ጎማ ይሸፈን፣ ምንም ነገር አይቃጠል፣ ከውሃና ከመኖሪያ ቤት ይህን ያህል ሜትር ይራቅ የሚል ደንብ ግን ቁራሌውም፣ ጎረቤቱም፣ ዳኛውም እኩል ያነቡታል። ለሙስና ክፍተቱን የሚያጠበውም ይኸው ነው፤ ያጠፋውም ያላጠፋውም በሜትርና በዓይን ይለያል። ባለ ግቢውም ቢሆን ይጠቀማል፤ ልኩን የጠበቀ ሰው አንድ ጎረቤት በጮኸ ቁጥር ዕቃውን ጭኖ አይሰደድም።

ወጪው ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። ከተሞቻችን በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ እንጨትና ብረት ሠሪዎች ሼድ መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ለወዳደቀ ብረት የሚያስፈልገው ጭማሪ ዘይት የማያሰርግ የሲሚንቶ ወለል፣ ፈሳሹን ወደ ጉድጓድ የሚሰበስብ ቦይና ጎማው የሚገባበት ጣሪያ ነው። ቦታው ጎርፍ ከሚተኛበት ከቦርከና ዳርና ከጨፋ ሜዳ ርቆ፣ ለመንገዱ ግን ቅርብ መሆን አለበት፤ ከመንገዱ የራቀ የመለዋወጫ ንግድ አይቆምም። የከሚሴ አስተዳደርና የደዋ ጨፋ ወረዳ ይህን ቦታ በጋራ ለይተው፣ ጉዳቱን የሚመረምረውን ኃላፊ በስም ቢያስቀምጡ ጎረቤቱ አቤቱታውን የት እንደሚያደርስ ያውቃል። የያዘው ወረቀትም «ያስጠላል» ከማለት ይልቅ የትኛው ባትሪ የት እንደተሰበረ፣ የትኛው ጎማ ከደጁ ስንት እርምጃ ላይ ውሃ እንደያዘ፣ ጭሱ በምን ሰዓት እንደሚነሳ ቢዘረዝር የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚመረመር ነገር ይዞ ይጀምራል።