ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ አይደለም

ሞናሊዛ 83 በመቶ ደስተኛ ናት የሚለው ወሬ ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው፤ አሁንም አልሞት ብሏል። በ2005 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥዕሉን ከፊት ገጽታ ስሜት በሚገምት ሶፍትዌር አስመረመሩት። ውጤቱ 83 በመቶ ደስታ፣ 9 በመቶ መጸየፍ፣ 6 በመቶ ፍርሃት፣ 2 በመቶ ቁጣ የሚል ነበር፤ ዜናውም “ምሥጢሩ ተፈታ” እየተባለ ተሰራጨ። ምኑ ነው የተፈታው? ቁጥሮቹ የሚነግሩን ሶፍትዌሩ ፊቱን ከሚያውቃቸው የስሜት ምድቦች ጋር ምን ያህል እንዳመሳሰለው ብቻ ነው። ስንት እጅ ደስታ፣ ስንት እጅ ፍርሃት ተበጥብጦ እንደተቀባ አይናገሩም። ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ ሌላ ነው፦ ማሽኑ ፊቱን ሙሉ በአንድ ጊዜና በአንድ ጥራት ያነባል፤ ሰው ግን እንደዚያ አድርጎ አይቶ አያውቅም።

ጥቃቅን ነገር አጥርታ የምትለየው በሬቲና መሀል ያለችው ፎቪያ ናት። እሷ በደንብ የምታሳየን ቦታ፣ ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችን ጥፍር ከሚሸፍነው ብዙም አይሰፋም። ከዚያ ውጭ ያለው ዕይታችን ቀዳዳው የሰፋ ወንፊት ነው፤ ደቃቁ ሁሉ ይሾልክና ሰፋፊው የብርሃንና የጥላ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ መዝለሉም ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። በ2000 የሃርቫርዷ የነርቭ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሊቪንግስተን ይህንን ይዘው ወደ ሞናሊዛ ሄዱ። ሥዕሉን በኮምፒውተር አጣርተው ሰፋፊው ጥላ ብቻ የቀረበትን ምስልና ቀጫጭኑ መስመር ብቻ የቀረበትን ምስል ለዩ። ደብዛዛው ላይ ሴትዮዋ በግልጽ ፈገግ ብላለች፤ በቀጫጭኑ መስመር ላይ ግን ፈገግታው የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ የጥላ ሥራ ነው። ከጉንጯ አጥንት ሥር የሚወርደው ለስላሳ ጥላ ከአፏ ጫፍ ጋር ይገጥምና፣ በጎን ዕይታ ሲታይ አፏን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። ዓይኗን ወይም ከኋላዋ ያለውን መንገድ ስናይ ትስቃለች፤ እውነት ትስቃለች ወይ ብለን አፏን ትክ ብለን ስናየው መስመሩ ጥላውን ያሸንፈዋል፣ ፊቷም ይረጋጋል። ስለዚህ ሁለቱ ስሜቶች ተደባልቀው አልተቀመጡም፤ በተለያየ የጥላ ስፋት ተለያይተው ተሥለዋል፣ የሚያፈራርቃቸውም የተመልካቹ ዓይን ነው።

ይህን የሚቻል ያደረገው የሥዕሉ ሠዓሊ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስፉማቶ የተባለው ዘዴ ነው፤ ብርሃን ወደ ጥላ ሲያልፍ ድንበር አይታይም። በ2010 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ሥዕሉን ሳይነኩ በኤክስሬይ ሲለኩት አንዳንዱ የቀለም ንብርብር ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ተደራርቦም ከ40 ማይክሮሜትር አይዘልም። አፏ እንዲህ በጥላ ስለተዋጠ ስሜቱን ለመለወጥ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። በ2004 ኮንትሴቪችና ታይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በምስሉ ላይ በዘፈቀደ የተበተነ ነጠብጣብ ጨምረው ሲያሳዩ፣ ተመልካቾች አንዴ ያዘነች አንዴ የተደሰተች አሏት። ልዩነቱ የመጣው አፏ አካባቢ ካረፈው ነጠብጣብ ነው። አፉ ብቻ ሲለወጥ ዓይኑም አብሮ የተለወጠ ይመስል ነበር።

ፐርስፔክቲቩም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ከኋላዋ ያለው አድማስ በግራ ዝቅ፣ በቀኝ ከፍ ብሏል፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ጎምብሪች እንዳስተዋለው በግራ በኩል ስናይ ሴትዮዋ ቀጥ ያለችና ረዘም ያለች ትመስላለች። ይህ ግን የሠለጠነ ዓይን ትዝብት ነው፤ ከጥላው ማስረጃ እኩል ላስቀምጠው አልደፍርም።

የምደግፈው ማብራሪያ ወሰን እንዳለው አልክድም። ፈገግታው ለምን እንደሚመጣና እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ሴትዮዋ ምን ይሰማት እንደነበር አይናገርም። በ2019 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ ባወጡት ሰፊ ግምገማ መሠረት ደግሞ የሕያው ሰው ስሜት እንኳ ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ አይነበብም። ጠንካራው ተቃውሞ ግን የመጣው በ2017 ከጀርመኗ ፍራይቡርግ ነው። ተመራማሪዎቹ የአፏን ጫፎች ወደ ላይና ወደ ታች እያጎበጡ ልዩ ልዩ ምስሎች አዘጋጁ፤ ዋናው ሥዕል በሞላ ጎደል ሁልጊዜ “ደስተኛ” ተባለ። ታዲያ ድርብነቱ ተረት ነው? አይመስለኝም። የቀረበው ምርጫ ደስታ ወይም ሐዘን የሚል ነበር፤ የተመልካቾቹ ፍርድም አብረው በታዩት ምስሎች መሠረት መለዋወጡ እዚያው ጥናት ላይ ተመዝግቧል። ደግሞም ሰው ፊት ሲያይ በአብዛኛው ቀድሞ የሚያርፈው ዓይንና አፍንጫ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሲታይ የሞናሊዛ አፍ በእርግጥም ፈገግ ብሏል።