ጋዜጣ ለባሹ ችግኝ

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጥቁሩን የችግኝ ፕላስቲክ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ክረምት ሲገባ ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ አፈሩ ይፈረፈራል፣ ከአፈሩም ጋር ሥር ይበጠሳል። ባዶውን ፕላስቲክ የሚሰበስብ ሰው ከሌለ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀራል። ለጓሮና ለበረንዳ አትክልት ግን ሁለቱንም ጣጣ የሚያስቀር መያዣ ቤት ውስጥ አይጠፋም፦ የተነበበ ጋዜጣ፣ ያለቀ የሶፍት ጥቅል፣ የእንቁላል ካርቶን። ችግኙ ከነመያዣው ይተከላል፤ መያዣውም እዚያው በስብሶ አፈር ይሆናል።

ዘዴው የጓሮ አትክልተኛ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ ስኳር የሚወጣለትን ሹገር ቢት የሚያመርቱ ገበሬዎች ሞቃቱ ወቅት አጭር ስለሚሆንባቸው ዘሩን ቀደም ብለው በመጠለያ ውስጥ፣ በወረቀት ቱቦ ያፈላሉ። ብርዱ ሲያልፍ ከነወረቀቱ ወደ ማሳ ያዛውሩታል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰፊው የሠሩበት ዘዴ ነው።

ጥቅሙ የሚገኘው ሥሩ ባለመነካቱ ነው። ተክል ውኃ የሚጠጣው በወፍራሙ ሥር ሳይሆን ጫፉ አካባቢ ባሉት እጅግ ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች ነው። ችግኝ ሲነቀል ቀድመው የሚበጠሱት እነርሱ ናቸው። ቅጠሉ ውኃ ማትነኑን ሳያቆም ሥሩ መጠጣት ስለሚያቅተው ችግኙ ለቀናት ይጠወልጋል። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ይህን ይችሉታል፤ ዱባ፣ ዝኩኒና ኪያር ግን ሥራቸው ሲነካ ክፉኛ ይጎዳሉ። በተጨማሪም በፕላስቲክ ውስጥ ያለ ሥር ግድግዳው ሲያግደው ዙሪያውን እየተጠመጠመ ያድጋል። እርጥብ ወረቀትን ግን በስቶ ያልፋል።

አሠራሩ ሙጫም ፕላስተርም አይፈልግም። ጋዜጣውን በ15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና በ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቁረጡ። የቢራ ወይም የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አጋድማችሁ ወረቀቱን በወገቡ ላይ ጠምጥሙ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ከጠርሙሱ ቂጥ አልፎ ይትረፍ። ጠበቅ አድርጋችሁ ከጠመጠማችሁት ጠርሙሱን ማውጣት ያስቸግራል፤ ላላ ይበል። የተረፈውን ጫፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ እያጠፋችሁ ጠርሙሱን አቁሙና መሬት ላይ ጫን አድርጉት። ወለሉ ሲደላደል ጠርሙሱን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው መያዣ ይወጣል። አፈር እስኪሞላበት ድረስ ልፍስፍስ ነው፤ ሲሞላ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የሶፍት ጥቅል ደግሞ ግማሽ ሥራው ያለቀለት ነው። አንዱን ጫፉን በአራት ቦታ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሰንጥቃችሁ እንደ ካርቶን ክዳን ማጠላለፍ ብቻ ይበቃዋል። የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ጠባብና ቶሎ የሚደርቁ ስለሆኑ እንደ ሰላጣ ላሉ ቶሎ ለሚዛወሩ ችግኞች ይሆናሉ።

ወረቀት ሁሉ ግን ለዚህ አይሆንም። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀትና ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ የቡና ወይም የወተት ካርቶን ይቅሩ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ኬሚካል ስለተቀባ አይገባም። የጋዜጣ ጥቁር ቀለም በዋናነት ከጥላሸትና ከዘይት የሚሠራ ስለሆነ ያን ያህል አያሳስብም።

መሙያው ከሦስት እጅ አፈር፣ ከሁለት እጅ ኮምፖስትና ከአንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ጥሩ ነው። መያዣዎቹን ዝርግ ሳህን ላይ ደርድራችሁ ውኃውን ሳህኑ ውስጥ አፍስሱ፤ ወረቀቱ ከሥር ይስበዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከውጭ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ቢታይ አትደንግጡ፤ የሚበላው ወረቀቱን ነው። የሚያሰጋው የግንዱ ሥር፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ችግኙ ሲዘነበል ነው። ያ ከመጠን ያለፈ እርጥበት ሲኖር የሚመጣ በሽታ ነውና ውኃውን ቀንሱ፤ ነፋስም እንዲያገኘው አድርጉ። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ተሻምተውት ሊሆን ይችላል። ኮምፖስት የተዘፈዘፈበት ውኃ ማጠጣት ይረዳዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተከላው ቀን ነው። “በራሱ ይበሰብሳል” ብሎ ደረቁን ወረቀት ደረቅ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ወረቀት የሚበሰብሰው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ፣ የሚበሉት ተሕዋስያንም ሲኖሩ ነው። ከደረቀ ይጠነክርና ሥሩን እንደ ፕላስቲኩ ያግዳል። ስለዚህ መያዣውን ከመትከላችሁ በፊት በደንብ አርሱት፤ ወለሉንም በጣት ቀደድ አድርጉት። ጠርዙ ከአፈር በላይ እንዳይቀር ወይ ቅበሩት ወይ ቆርጣችሁ ጣሉት። ብቅ ያለ ጠርዝ ፀሐይና ነፋስ እያገኘው፣ ልክ እንደ ኩራዝ ክር፣ ውኃውን ከሥሩ እየሳበ ያስወጣዋል።

የመያዣውን ዕድሜ ከችግኙ ዕድሜ ጋር ማመሳሰል ደግሞ ዋናው ቁም ነገር ነው። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አንድ ወር ገደማ በመያዣ ይቆያሉ፤ እስከዚያ ጋዜጣው ይችላቸዋል። እስከ ሁለት ወር ሊቆይ ለሚችለው በርበሬ ወረቀቱን ደረብ ማድረግ ወይም ጠንከር ያለውን የሶፍት ጥቅል መምረጥ ይሻላል። ካሮትን ከነጭራሹ አታፍሉት፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራ። ወራት የሚፈጀው የቡናና የአቮካዶ ችግኝ ግን ሳይደርስ ወረቀቱ ይፈርሳልና በፕላስቲኩ ይቆይ። ፕላስቲኩ ግን በተከላ ቀን ተለቅሞ መመለስ አለበት። የችግኝ መያዣ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ “ይበሰብሳል ወይ?” ሳይሆን “መቼ?” መሆን አለበት። ከሚገባው ቀድሞ የፈረሰም ዘግይቶ የቀረም መያዣ ችግኙን እኩል ይጎዳዋል።