ፓርቲና መንግሥት አንድ ሲሆኑ



የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ነገር ግን የሹመቱና የዕድገቱ ቁልፍ በአንድ ፓርቲ እጅ ቢውል፣ ይህ ሰው የማን ሠራተኛ ነው ይባላል? ለዚህ ጥያቄ የሶርያና የኢራቅ ታሪክ መልስ ይሰጠናል።

ባዝ ማለት በዐረብኛ ቋንቋ ትንሣኤ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ፓርቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በደማስቆ ተቋቋመ። ዋነኞቹ መሥራቾች ክርስቲያኑ ሚሼል አፍላቅና ሙስሊሙ ሳላሕ አልዲን አልቢጣር፣ በፓሪስ ተምረው በደማስቆ ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። ዓላማቸውንም አንድነት፣ ነጻነት፣ ሶሻሊዝም በሚሉ ሦስት ቃላት ገለጹት። ይኸውም ዐረቦች ሁሉ በሃይማኖት ሳይለያዩ በአንድ መንግሥት ይተዳደሩ ማለት ነበር።

ሥልጣን የተገኘው ግን በመምህራን ቃል ሳይሆን በወታደሮች ክንድ ነው። በ1963 ፓርቲው በአንድ ወር ልዩነት በባግዳድና በደማስቆ መንግሥት ገለበጠ። በኢራቅ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወርዶ በ1968 ተመለሰ። በሶርያ ደግሞ በ1966 የጦር መኰንኖች መሥራቾቹን ራሳቸውን አባረሩ። ከዚህ የተነሣ አንድነትን የሰበከው ፓርቲ ለሁለት ተከፍሎ፣ ደማስቆና ባግዳድ ባላንጣዎች ሆኑ።

በ1973 የወጣው የሶርያ ሕገ መንግሥት በ8ኛው አንቀጽ ባዝን የኅብረተሰቡና የመንግሥቱ መሪ አደረገው። በኢራቅም ፓርቲው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ገባ። መምህሩ፣ ሐኪሙና ጸሐፊው አንዳንዱ አምኖ፣ አንዳንዱ ዕድገት ሽቶ፣ አንዳንዱም ፈርቶ አባል ሆነ።

በ2003 የሳዳም ሁሴን መንግሥት በአሜሪካና በተባባሪዎቿ ጦር ወደቀ። የጊዜያዊው አስተዳደር የመጀመሪያ ትእዛዝ በአራቱ ከፍተኛ የፓርቲ ማዕርጎች የነበሩትን ሁሉ ከመንግሥት ሥራ አስወጣ። ትእዛዙ የመዘነው የሰውየውን ማዕርግ እንጂ ምግባሩን አልነበረም፤ ስለዚህ በደል የፈጸመውና ለእንጀራው ሲል የገባው በአንድነት ተባረሩ። ከነዚህም መካከል ብዙ መምህራን ስለ ነበሩ፣ ተማሪዎች ያለ አስተማሪ የቀሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

በሶርያ 8ኛው አንቀጽ በ2012 ቢሻርም፣ ገዢው ፓርቲ ባዝ ሆኖ ቆየ። በታኅሣሥ 2024 በሽር አልአሳድ ከአገር ሸሸ፤ በጥር 2025 አዲሶቹ ገዢዎች ፓርቲውን አፈረሱት።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ መንግሥት በፓርቲ ላይ ከተደገፈ፣ ፓርቲው የወደቀ ዕለት መዝገብ ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም አብረው ይናወጣሉ። ጉዳዩን ይዞ በመሥሪያ ቤቱ በር የቆመው ባላገር ግን የማንም ፓርቲ ቢመጣ ቢሄድ፣ የሚያስተናግደው ሠራተኛ ይሻል።