አንድ ጣሳ ጠላ ወይስ አንድ መለኪያ አረቄ? የትኛው ይበልጣል?

ሁለት ጓደኛሞች ቡሬ ገበያ ውለው ሲመለሱ አንድ ቤት ጎራ አሉ እንበል። አንደኛው ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ጠላ አዘዘ፤ ሌላኛው አንዲት መለኪያ የዳጉሳ አረቄ። ባለ ጠላው "እኔ እንኳ ጠላ ነው የምጠጣው፣ ምንም አይለኝም" ይላል። ባለ አረቄው ደግሞ "የኔ እኮ ትንሽ ናት፣ ጉሮሮ እንኳ አታርስም" ብሎ ይመልሳል። ለመሆኑ የበለጠ አልኮል የጠጣው የትኛው ነው? መልሱን ከማየታችሁ በፊት ገምቱ።

እስከዚያው ሁለቱ መጠጦች እንዴት እንደሚሠሩ እንይ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ሁሉም የሚያውቃቸው ሦስት ቃላት አሉ፦ ብቅል፣ ዳግም፣ መለኪያ። ሳይንሱ በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ተጠቅሎ ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ብቅል፦ ስታርች ወደ ስኳር

አልኮል የሚሠራው እርሾ ነው። እርሾ ስኳር በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ችግሩ ዳጉሳም ሆነ በቆሎ ውስጡ በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርች በጣም ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ የጠላ እርሾ ይህን ሰንሰለት በራሱ መብላት አይችልም። ታዲያ ማን ይቁረጥለት?

መልሱ ብቅል ነው። ገብስ ተዘፍዝፎ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ ለማዘጋጀት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። እነዚህ ኢንዛይሞች ስታርቹን እየቆራረጡ ወደ ስኳር ይለውጡታል። ስለዚህ ብቅሉ ድፍድፉ ውስጥ ሲገባ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም እህል ስታርች ይቆርጣል። የስኮትላንድ ውስኪና የፋብሪካ ቢራም የሚጀምሩት ከዚሁ ከገብስ ብቅል ነው። ልዩነቱ፣ ቢራ መራራነቱን ከሆፕ ሲያገኝ ጠላ ከጌሾ ማግኘቱ ነው። ጌሾ ከመምረሩም በላይ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል።

ዳግም፦ እንደገና ማውጣት

እርሾ የራሱ ገደብ አለው። አልኮሉ እየበዛ ሲሄድ እርሾውን ራሱን ይመርዘዋል፤ አብዛኛው እርሾ 15 በመቶ ገደማ ላይ ሥራ ያቆማል። የቤት ጠላማ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ እሳት ያስፈልጋል።

በባሕር ጠለል ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ንጹሕ አልኮል (ኢታኖል) ደግሞ በ78 ዲግሪ ገደማ ነው። ቡሬ ግን 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። እዚያ ውሃ በ93 ዲግሪ፣ አልኮል በ72 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለቱም አብረው ስለወረዱ ልዩነታቸው እንዳለ ነው። ድፍድፉ ሲፈላ የሚነሣው እንፋሎት ከድፍድፉ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ይሆናል። ይህ እንፋሎት በቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። አረቄ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ የወጣው "ተራ" ሲባል 35 በመቶ አካባቢ ይሆናል። እሱው እንደገና ሲወጣ "ዳግም" ይባላል፤ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል።

መለኪያ፦ ሂሳቡ

አሁን ወደ ጓደኛሞቹ እንመለስ። 500 ሚሊ ሊትር ጠላ፣ ጥንካሬው 4 በመቶ ቢሆን፣ በውስጡ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 45 ሚሊ ሊትር ዳግም አረቄ፣ 45 በመቶ ቢሆን፣ በውስጡ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ አለ። እኩል ናቸው! አንደኛው በብዙ ውሃ ተበርዞ መጣ፣ ሌላኛው ተጠቅልሎ።

ጉበታችን በሰዓት የሚያቃጥለው ንጹሕ አልኮል ከሰው ሰው ቢለያይም ወደ 10 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ለአንዷ ጣሳም ለአንዷ መለኪያም ሁለት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን መታጠብ እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ ጉበትን አያፋጥነውም። "ጠላ ብቻ ነው የቀመስኩት" ብሎ ባጃጅ የሚያስነሣ ሰው ይህን ሂሳብ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሲቆይ ይሻላል?

"ይቺ አረቄ አምስት ዓመት የቆየች ናት" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቆይታ ግን ለሁሉም መጠጥ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ጠላ አየር ካገኘ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡትና ይሆመጥጣል። ውስኪ በአገሩ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው፣ የቫኒላ መሰል ጠረኑንም የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው። በየዓመቱም 2 በመቶ ያህሉ በእንጨቱ በኩል ተንኖ ይጠፋል፤ ስኮትላንዶች ይህን "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። አረቄ በደንብ የተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጠርሙስ ከእንጨት በተለየ የሚሰጠውም የሚወስደውም ነገር ስለሌለ ብዙም አይለወጥም። ጠርሙሱ አርጅቷል እንጂ አረቄው እንደ ውስኪ አልበሰለም።

እሳቱ ምን ይነግረናል?

አንዳንዱ አረቄውን በክብሪት ለኩሶ "ይኸው ነደደ፣ ንጹሕ ነው" ይላል። መንደዱ የሚነግረን አልኮሉ ብዙ መሆኑን ብቻ ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮልም ይነዳል። ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ትልቁ አደጋ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ይህን እሳትም ምላስም አይለይም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ሰው ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ ከደበዘዘ "ስካር ነው፣ ያልፋል" አይባልም። ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

እናንተም ሞክሩት

"የኛ ቤት ከነሱ ቤት ይበልጣል" የሚለውን ክርክር መፍቻ ቀላል ዘዴ አለ። በአገራችን ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ስለሆነ በማር ብርዝ እንሥራው። ከሁለት የተለያዩ ማሮች እኩል ውሃ ጨምራችሁ ብርዝ በጥብጡ። ሦስት ተመሳሳይ ሲኒ አዘጋጁና ሁለቱ ውስጥ አንዱን ብርዝ፣ ሦስተኛው ውስጥ ሌላውን ቅዱ። ጓደኛችሁ ዓይኑን ጨፍኖ ይቅመስና ልዩ የሆነውን ይምረጥ።

በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከ3 አንድ ነው። አምስት ጓደኞች ተራ በተራ ሞክረው አምስቱም ካገኙት ግን፣ ያ በዕድል ብቻ የመሆን አጋጣሚው ከ243 አንድ ነው። ያኔ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ማለት ትችላላችሁ። የቢራ ፋብሪካ ቀማሾችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

ለመሆኑ መጀመሪያ ላይ የገመታችሁት የትኛውን ነበር? ማታ ቤት ስትገቡ ጥያቄውን ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ አቅርቡላቸው። መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ግን እነሱም ይገምቱ።