የኢራን ሕዝብ፣ ሃይማኖቱና የለውጥ ጥያቄው

  

ዛሬ ስለ ኢራን ሕዝብ እንነጋገራለን። ስለዚህ ሕዝብ በየቤታችን ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው «ሕዝቡና መንግሥቱ አንድ ልብ ናቸው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በ2022 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዳንድ ሴቶች ሂጃባቸውን በአደባባይ ሲያቃጥሉ የታየበትን ምስል ይዞ «ሕዝቡ እስልምናን ጥሏል» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። በሚሊዮኖች ስለሚቆጠር ሕዝብ ልብ ከመፍረድ በፊት ታሪኩን ማወቅ ይገባል።

አብዛኛው የኢራን ሕዝብ ሺዓ ነው። እኛ ደግሞ አህለ ሱንና ነን። በዐቂዳ ያለን ልዩነት የታወቀ ስለሆነ የዛሬው ርዕሳችን አይደለም። ርዕሳችን ሃይማኖትና ሥልጣን ሲገናኙ በሕዝብ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። ይህ ደግሞ ሁላችንንም ይመለከታል።

ዑለማው ከሕዝቡ ጎን

በ1890 ናሲረዲን ሻህ የአገሪቱን የትምባሆ ንግድ በሙሉ ለአንድ እንግሊዛዊ ባለሀብት ሰጡ። ገበሬውና ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ የሚወስነው የውጭ ሰው ሊሆን ነው። ሕዝቡ ተቆጣ። በ1891 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ ሳመራ ይኖሩ የነበሩት ታላቁ ዓሊም ሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ትምባሆን የሚከለክል ፈትዋ በስማቸው ወጣ። ሕዝቡም ማጨሱን አቆመ። በሻሁ ቤተ መንግሥት ሳይቀር እንደቆመ ይነገራል። በ1892 መጀመሪያ ሻሁ ውሉን ሰረዙ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ዓሊሙ ጦር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሕዝብ አመኔታ ነው።

በ1906 የንጉሡን ሥልጣን በሕግና በምክር ቤት ለመገደብ በተደረገው ትግል ሰይድ ሙሐመድ ጠባጠባኢና ሰይድ ዐብዱላህ ቢህበሃኒ ከፊት ነበሩ። ይሁን እንጂ ዑለማው አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሸይኽ ፈድሉላህ ኑሪ ሕገ መንግሥቱ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ብለው ተቃወሙ፤ በ1909 ቴህራን ውስጥ በስቅላት ተገደሉ። በዚያው ዓመት በነጀፍ የነበሩት ሙሐመድ ሑሰይን ናኢኒ ገዥን በሕግ ማሰር ግፍን መቀነስ በመሆኑ ከሃይማኖት የሚመጣ ግዴታ ነው ሲሉ መጽሐፍ ጻፉ። ስለዚህ የለውጥ ጥያቄ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። በሃይማኖት ሰዎች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየ ነው።

ዓሊሙ ራሱ ገዥ ሲሆን

የ1979 አብዮት ሻሁን አስወገደ። በሕዝበ ውሳኔ እስላማዊ ሪፐብሊክ ተመሠረተ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሁለት ነገሮችን አጣመረ። በአንድ በኩል ሕዝቡ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት እንዲመርጥ አደረገ። በሌላ በኩል ከሁሉ በላይ የሆነ አንድ የፊቅህ ዓሊም መሪ እንዲኖር ወሰነ። 12 አባላት ያሉት የጠባቂዎች ምክር ቤትም ተቋቋመ። 6ቱን ፉቀሃእ መሪው ይሾማል። 6ቱን የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ፣ በመሪው የሚሾመው የፍርድ ቤቶች የበላይ ካቀረባቸው ሰዎች መካከል፣ ፓርላማው ይመርጣል። ፓርላማው ያወጣውን ሕግ የሚያጸድቀው፣ ዕጩዎችንም የሚያጣራው ይህ አካል ነው። ሕዝቡ ይመርጣል፤ ነገር ግን የሚመርጠው በወንፊቱ ካለፉት መካከል ነው።

በ1997 ጥምጣም የለበሱ ዓሊም የሆኑት ሙሐመድ ኻተሚ የሕግ የበላይነትንና የሐሳብ ነፃነትን ይዘው ተወዳደሩ። ከመራጩ 80 በመቶ ያህሉ ወጣ። እርሳቸውም 70 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ሃይማኖትንም ለውጥንም አንድ ላይ ፈልጎ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ፓርላማው ያወጣቸው በርካታ ሕጎች ውድቅ ተደረጉ። በ2004 ደግሞ ከ2,000 የሚበልጡ ዕጩዎች ከምርጫ ታገዱ።

በ2002 የሆነውን በተለይ እንመልከት። የሕዝብን አስተያየት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ከአሜሪካ ጋር ውይይት እንደሚደግፉ አገኙ። ውጤቱን የመንግሥት የዜና ወኪል አሰራጨው። ከዚያም አጥኚዎቹ ታሰሩ። ከታሰሩት አንዱ ዐባስ ዐብዲ በ1979 የአሜሪካን ኤምባሲ ከያዙት ተማሪዎች መካከል የነበሩ ናቸው። ትኩሳቱን ለማብረድ ቴርሞሜትሩን መስበር በሽተኛውን አያድንም።

የሕዝቡ ዝምታ

በ2000 አካባቢ በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት የኢራን ሕዝብ በአላህ ማመኑ ጽኑ እንደሆነ፣ ወደ መስጊድ መመላለሱ ግን ከግብፅና ከዮርዳኖስ ሕዝብ እንደሚያንስ አሳየ። መስጊዱ የመንግሥት ቤት ሲመስል በመንግሥት የተቀየመ ሰው ከመስጊድም ይርቃል። ምርጫውም እንዲሁ ሆነ። በ2024 የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በ1997 የተሰለፈው ሕዝብ ቤቱ ቀረ።

በመስከረም 2022 የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በአለባበሷ ምክንያት በሥነ ምግባር ፖሊስ ተይዛ ሕይወቷ አለፈ። አገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። ሂጃብ የለበሱ ሴቶችም ማስገደዱን ተቃውመዋል። በዚያው ወር መጨረሻ በባሉቺስታን ዛህዳን ከተማ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ የፀጥታ ኃይሎች ተኩሰው በርካታ ሰዎችን ገደሉ። የከተማይቱ የሱንኒ ኢማም ሞላቪ ዐብዱልሐሚድ ከሚንበራቸው ላይ ሆነው ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ ይጠየቅ አሉ። ከሺዓዎቹም የ1979ኙን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ጉባኤ የመሩት አያቶላህ ሙንተዘሪ ከዓመታት በፊት የእስረኞችን ግድያ በመቃወማቸው በ1989 ከመሪነት ወራሽነት ወርደው ነበር። እነዚህን ሃይማኖት የለሽ ማን ሊላቸው ይችላል?

ምን እንማራለን?

ሃይማኖት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ጥፋት ሁሉ በሃይማኖት ይሳበባል። የዳቦ መወደድ፣ የዳኛው ግፍ፣ የፖሊሱ ዱላ ሁሉ በዲን ስም ይመዘገባል። ቁርኣናችን ውስጥ መመካከር የአማኞች ባሕርይ ሆኖ የተጠቀሰበት ሱራ ሹራ ተብሎ ተሰይሟል። አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ቀን ከተሳሳትኩ አስተካክሉኝ ብለው ሕዝቡን ጠይቀዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጣ የትኛው ገዥ ነው ከዚህ በላይ ነኝ የሚለው?

ይህ ጉዳይ ከቤታችንም የራቀ አይደለም። ሂጃብ ግዴታ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ሴት ልጃችን አባቷን ፈርታ ብቻ ከለበሰችው አባት በሌለበት ትጥለዋለች። አላህን አውቃና ወዳ ከለበሰችው ግን የትም ትሂድ አብሯት ይኖራል። ልጆቻችን ሲጠይቁን አፋቸውን ከማስያዝ ተቀምጠን እንስማቸው። የኢራንን ሕዝብም በአንድ ምስል አንፍረድበት፤ ዱዓ እናድርግለት።

አላህ ለግፉዓን ፍትሕን፣ ለገዥዎች ምክር የሚሰማ ጆሮን፣ ለእኛም ማስተዋልን ይስጠን።