ከወንፊቱ የሚያልፍ እንክርዳድ

ዛሬ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ብዙ ሰው የማይገባበትን ጓዳ ከፍቼ ሳይ ቆየሁ፤ የኢሜይሌን የስፓም ማህደር። ጂሜይል እዚያ የገባውን ሁሉ በ30 ቀን ስለሚያጠፋው ያገኘሁት የአንድ ወር ጥራጊ ብቻ ነው። ያም ሆኖ 214 መልዕክት ተኮልኩሏል። የአንድ ሟች ጄኔራል ሚስት ነኝ የምትል ሴት ባሏ የተወላትን ገንዘብ ከባንክ እንዳወጣላት ትለምነኛለች። ደጃፉን ረግጬ የማላውቀው ባንክ ሒሳቤ መታገዱን ይነግረኛል። ያላዘዝኩት ዕቃ ጉምሩክ ተይዞብኛል። ከሁሉም መሃል ደግሞ አንድ የድሮ ወዳጃችን አለ፦ ዲቪ ደርሶኛል፣ እንኳን ደስ ያለኝ።

ዲቪና ስፓም አብሮ አደግ ናቸው። በኤፕሪል 1994 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ የሚሠሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት የኢሚግሬሽን ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ አዘጋጁ። ዩዝኔት በሚባለው የዘመኑ የመወያያ መረብ ላይም ከ5,000 በሚበልጡ የውይይት ክፍሎች ለጠፉት። ስለ ኮከብ የሚያወጋውም ስለ ምግብ የሚያወጋውም እኩል አነበበው፦ ዲቪ የምንለው የግሪን ካርድ ሎተሪ የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና ፍጠኑ፣ በክፍያ እንሙላላችሁ። ማመልከቻውን ማንም ሰው ራሱ ጽፎ በፖስታ ሊልከው ይችል ነበር። እኛ አገር በየኢንተርኔት ቤቱ በር «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ከመለጠፉ ዓመታት በፊት ነው ይህ የሆነው።

ካንተርና ሲገል ግን ስፓም በመላክ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። በሜይ 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ የነበረው ጌሪ ቱርክ የኢንተርኔት ቀደምት በሆነው አርፓኔት ላይ አድራሻ ላላቸው ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር መጥታችሁ ተመልከቱ የሚል ጥሪ በአንድ ጊዜ ላከ። የአድራሻው ዝርዝር ከመብዛቱ የተነሳ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ወደ ደብዳቤው ሆድ ፈሰሰ። ተቀባዮቹ ተቆጡ፣ ቱርክ ግን ብዙ ኮምፒውተር እንደሸጠበት ኋላ ተናግሯል። ጠቡም ትርፉም ያኔውኑ አብረው ተወለዱ ማለት ነው። «ስፓም» የሚለው ስም የመጣው በ1937 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የታሸገ የአሳማ ሥጋ ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃው ደግሞ ሞንቲ ፓይተን የተባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች በ1970 የሠሩት ጭውውት ነው። በዚያ ጭውውት ስፓም፣ ስፓም እያሉ የሚዘምሩ ሰዎች የሌላውን ሰው ንግግር ሁሉ ይውጡታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ስሙ ጥሩ ገጥሟል።

ለዚህ ሁሉ በሩን የከፈተው የኢሜይል አሠራር ራሱ ነው። ዛሬም ደብዳቤ የሚጓጓዝበትን ደንብ ጆን ፖስቴል በ1982 ሲጽፈው መረቡ ላይ የነበሩት የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ ላኪውን ማንነቱን አይጠይቀውም። ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚጨመር ደብዳቤን አስቡት፤ ጀርባው ላይ የማንንም ስም ብጽፍ መታወቂያ አምጣ የሚለኝ የለም። ኢሜይልም እንዲሁ ነው፤ «ከ» የሚለው መስመር ላይ የሚሰፍረው ላኪው ደስ ያለው ነው።

መከላከሉ በጥቁር መዝገብ ተጀመረ። በ1998 የተቋቋመውን ስፓምሃውስን የመሰሉ ድርጅቶች ስፓም የሚረጩ ኮምፒውተሮችን አድራሻ ይመዘግባሉ፣ ተቀባዩም ከእነዚያ የመጣውን ይመልሳል። ላኪዎቹ በበኩላቸው ባለቤቱ ሳያውቅ በተጠለፈ የሰው ኮምፒውተር መላክ ጀመሩ። አጣሪዎቹ ቀጥለው ደብዳቤውን ከፍተው ማንበብ ያዙ።

የዚህ ንባብ ታዋቂ ብልሃት የመጣው ከፖል ግሬሃም ነው። ይህ ፕሮግራመር በኦገስት 2002 ባወጣው ጽሑፍ፣ የስፓምን ምልክት በእጅ እየለቀሙ ደንብ ማውጣት ትቶ ቆጠራውን ለማሽኑ ሰጠው። አሠራሩ ቶማስ ቤይስ የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ቄስ የተወልንን የዕድል ስሌት ይከተላል። «አሸናፊ» የሚለው ቃል ከ1,000 ስፓሞች በ98ቱ፣ ከ1,000 ደህና ደብዳቤዎች ግን በ2ቱ ብቻ ተገኘ እንበል። ቃሉን ይዞ የሚመጣ አዲስ ደብዳቤ ስፓም የመሆን ዕድሉ ከመቶ 98 ነው። የእያንዳንዱ ቃል ጥርጣሬ ከሌላው ጋር ይጣመራል፤ አንዱ ቃል 90 በመቶ ቢያስጠረጥር ሌላውም 90 በመቶ ቢያስጠረጥር፣ አብረው ሲገኙ ጥርጣሬው ወደ 99 ይጠጋል። የግሬሃም ማጣሪያ ከደብዳቤው ውስጥ ጎልተው የሚናገሩትን 15 ቃላት መርጦ ይፈርድ ነበር። ማንም ያላሰበውን ምስክርም አገኘ፦ የደማቅ ቀይ ቀለም የኮምፒውተር ኮድ ከብልግና ቃላት ባላነሰ ስፓምን ያጋልጣል።

ላኪዎቹ ቃሉን እያጣመሙ ጻፉት፣ ፊደል መሃል ቁጥር ሰነቀሩ፣ ጽሑፉን ወደ ፎቶ ቀየሩት፣ ከሥሩም ከልብ ወለድ የተቀዳ አንቀጽ እየለጠፉ ቆጣሪውን አሳሳቱት። አሁን ደግሞ ማሽን የሚጽፍላቸው ሰዋስው የማይስት ደብዳቤ ይልካሉ።

እናቶቻችን ይህን ጣጣ ያውቁታል። ገለባን ሰፌድ ያበጥረዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። እንክርዳድ ግን መልኩም መጠኑም ከስንዴው ስለሚቀራረብ ሰፌዱም ወንፊቱም አይለየውም፤ ተቀምጦ በዓይንና በጣት መልቀም ነው። የለቃሚዋ ዓይን ከደከመ ዳቦው ያዞራል። የድሮው ስፓም ገለባ ነበር።

አማርኛችን ለቆጣሪው ማሽን የራሱን ፈተና ያመጣበታል። «ሒሳብ»፣ «ሂሳብ»፣ «ሂሣብ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ሦስት። «ላክን»፣ «ልከንልዎታል»፣ «የተላከልዎ» ብለን ከአንድ ግስ ስንት ቃል እንደምናረባ ደግሞ ሰዋስው የተማረ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ለብቻው የሚቆጥር ማጣሪያ አንዱንም በቂ ጊዜ ሳያየው ይቀራል። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ስንላላክ ኖረናል። ስፓምአሳሲን የተባለው በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ነፃ ማጣሪያ፣ አስተዳዳሪው ከፈለገ ባልተፈቀደ ቋንቋ በመጣ ደብዳቤ ላይ የጥርጣሬ ነጥብ የሚጨምርበት መቆጣጠሪያ አለው። በእንግሊዝኛ የሚሠራ መሥሪያ ቤት አስተዳዳሪ ያንን ሲያበራው የአማርኛ ደብዳቤ ገና ሳይነበብ ተጠርጣሪ ሆኖ ይገባል።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የትርጉም ሥራ እንድወስድ በአማርኛ ጻፈልኝ። አላየሁትም። በ11ኛው ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ ስፓም ውስጥ አገኘሁትና ደወልኩ። ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። «ዝም ሲሉን እኮ ንቀውን ነው ብለን ነበር» አሉኝ ስልኩን ያነሱት ሴት፣ ቅር እንዳላቸው። ኮምፒውተሩ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ማጣሪያው የሚሳሳተው በሁለት በኩል ነው። ስፓምን ካሳለፈ የሚባክነው የእኔ አንድ ደቂቃ ነው። ደህናውን ደብዳቤ ከቀበረ ግን እንጀራም ወዳጅነትም ይሄዳል፤ ተቀባዩ ደግሞ ምን እንደጠፋበት እንኳ አያውቅም። ግሬሃም ይህን ስለተረዳ ማሽኑ ደህና ደብዳቤ ውስጥ ያገኘውን እያንዳንዱን ቃል በእጥፍ እንዲቆጥር አደረገው፤ ሆን ብሎ ወደ ምሕረት አዘነበለው። ጥሩ የሚባል ማጣሪያ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል። እንክርዳዱም በዚያች ክፍተት ይገባል።

በሩን ጠበብ ብናደርገውስ? በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስቶርም የተባለውን የተጠለፉ ኮምፒውተሮች ሠራዊት ሰርገው ገብተው የሐሰት መድኃኒት ቤት ማስታወቂያውን ሒሳብ ሠሩ። በ26 ቀን ወደ 350 ሚሊዮን ኢሜይል ተላከ፤ እስከ መግዣው ገጽ የደረሱት 28 ሰዎች ነበሩ። ከ12 ሚሊዮን ደብዳቤ አንድ ገዢ መሆኑ ነው! ሱቅ ቢሆን በማግስቱ ይዘጋ ነበር። መላክ ግን ከምንም የማይቆጠር ወጪ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ከመቶ 99ኙን ሲያስቀር ላኪው መቶ እጥፍ ይረጫል። ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2004 ዳቮስ ላይ ስፓም በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብለው ነበር። በኖቬምበር 2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስፓመኞች የሚጠለሉበት ማክኮሎ የተባለ የሰርቨር አከራይ ከኢንተርኔት ሲቆረጥ የዓለም ስፓም በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወረደ፤ በወራት ውስጥ ግን ተመልሶ መጣ። አሜሪካ ከ2004 ጀምሮ ሕግ አላት፤ ሕጉን የሚያከብሩት ድሮም ጨዋ የነበሩት ናቸው።

በተሻለ የሠራው ማህተም ነው። ዛሬ ደብዳቤው የተላከበት ድርጅት በማይታይ ዲጂታል ማህተም ያትመዋል፣ ተቀባዩም ማህተሙን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ይህን ግዴታ አድርገዋል። ለጂሜይል ተጠቃሚዎች በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ማህተም ሊኖረው፣ ከዝርዝሩ በአንድ ጠቅታ መውጫም ሊያኖር ይገባዋል። ስፓም ነው ብለው የሚከሱት ተቀባዮች ከ1,000 ሦስት መድረስ የለባቸውም። ማህተሙ ግን የሚመሰክረው ማን እንደላከው እንጂ ላኪው እውነተኛ መሆኑን አይደለም፤ አጭበርባሪም የራሱን አድራሻ ገዝቶ በሥርዓት ያትማል። ዳፋው አንዳንዴ ለምስኪኑ ይተርፋል፦ ውጭ አገር ያለ የእድር ጸሐፊ የስብሰባ ጥሪ ከግል አድራሻው ለ300 አባላት በአንዴ ሲልክ ለማሽኑ ከጄኔራሉ ሚስት ብዙም አይለይም። እንዲህ ያለ ጥሪ ስፓም ውስጥ ካገኛችሁ «ስፓም አይደለም» የምትለውን ተጫኑለት፤ ማሽኑ የሚማረው ከዚያች ጠቅታ ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት፤ ባሕር ዳር የምትኖር ጡረተኛ መምህርት። ኢሜይል ልካልኛለች። «ልጄ፣ ዲቪ ሳልሞላ ደረሰኝ እኮ፤ እስኪ አንተ እየው» ትላለች፣ ከሥሩም ጠዋት እኔ ስፓም ውስጥ ያየሁት ያው ደብዳቤ ተያይዟል። የመጣው ከአክስቴ አድራሻ ነው፤ ዓመታት የተጻጻፍንበት፣ ማህተሙ የተሟላ። ማጣሪያው ሳያቅማማ ኢንቦክሴ ላይ አስቀምጦታል፣ «አስፈላጊ» የሚል ቢጫ ምልክት ጨምሮ። ደወልኩላት። የዲቪ ዕጣ የደረሰውን ሰው የአሜሪካ መንግሥት በኢሜይል እንደማያበስር፣ ውጤቱ የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ተገብቶ መሆኑን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ስሜን በሙሉ እንዴት አወቁት?» አለች።