ሠርግዎን ተራራ ላይ ሊደግሱ አስበዋል?

እኔና ባለቤቴ እንጦጦ ላይ ልንሞሸር ስንወስን የታየን ባሕር ዛፉና ከታች የተዘረጋችው አዲስ አበባ ብቻ ነበር። አያቴ ግን «ልጄ፣ እዚያ ብርድ ላይ ስንት ሰዓት ልታስቀምጡኝ ነው?» አሉኝ። ያን ቀን ዕቅዳችንን እንደገና ጀመርን።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ድግሱን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አደረግነው። ለአዛውንቶች ከነፋስ የተከለለ ቦታና ጋቢ አዘጋጀን፤ እስከ በሩ የሚያደርስ ሚኒባስም ተከራየን። በዚያ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ወጥ ቶሎ አይበስልም፤ ምግቡን ከተማ አሠርተን ትኩሱን አስወጣን።

እናንተም ቦታውን ከመከራየታችሁ በፊት ድግሱ በሚሆንበት ሰዓት ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡበት። የመብራትና የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ጠይቁ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ዘመድ ካለ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ክረምቱን ተዉት፤ ዝናቡና ጭጋጉ አያስደግስም።

ያለምነው የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ቀርቶብናል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው ሲመርቁን የተነሳነው ነው።